«ጭካኔውን ትተን ኢኮኖሚውን ብቻ ብናይ?» የናዚ ጀርመን እቅድ ሰርቶ ነበር ወይ?

የቀረበልኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ጀርመን ውስጥ 6 ሚሊዮን ሥራ አጥ ነበር ይባላል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሥራ አጥነት ጠፋ፣ አውራ ጎዳና ተዘረጋ፣ የቆሙ ፋብሪካዎች ተነሱ። ጭካኔውን ለአፍታ ትተን ኢኮኖሚውን ብቻ ብናይ፣ እቅዱ ሰርቷል ማለት አይቻልም ወይ? ጦርነት ውስጥ ባይገባ ኖሮስ የት ይደርስ ነበር?»

የኢኮኖሚ ታሪክ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ይህንኑ ይጠይቀኛል። ለእርስዎም ለተማሪዎቼ የምለውን ረዘም አድርጌ ልጻፍልዎ። መልሴን ግን ከወዲሁ ልንገርዎ። ጭካኔውን ትቶ ኢኮኖሚውን ብቻ ማየት አይቻልም። ይህን የምለው ከሥነ ምግባር አንጻር ብቻ አይደለም፤ የሂሳብ መዝገቡ ራሱ አይዘጋም። ጦርነቱንና ዘረፋውን ከመዝገቡ ላይ ከሰረዙ ዕዳውን የሚከፍል ሰው አይገኝም። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከ6 ሚሊዮኑ እንነሳ። ቁጥሩ እውነት ነው። ጥር 1933 ላይ የተመዘገበው ሥራ አጥ 6 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ነገር ግን የኢኮኖሚ ድቀቱ ከ1932 መገባደጃ ጀምሮ መርገብ ጀምሮ ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ካሳም በሐምሌ 1932 ሎዛን ላይ በተግባር ቀርቶላቸዋል። ከሂትለር በፊት የነበረው የሽላይኸር መንግሥትም ለሥራ ፈጠራ 500 ሚሊዮን ማርክ መድቦ ነበር። ሂትለር የደረሰው በሽተኛው ላብ ወጥቶለት ትኩሳቱ መውረድ ሲጀምር ነው።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ልብ ይበሉ። የካቲት 1933፣ ሥልጣን በያዘ በ10 ቀን ውስጥ፣ ሂትለር ለሚኒስትሮቹ የነገራቸው ነገር አለ። ሥራ ለመፍጠር የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ «ሠራዊቱን ለማስታጠቅ ይጠቅማል ወይ?» በሚለው ሚዛን መለካት አለበት አላቸው። ሰኔ ላይ ለሥራ ፈጠራ 1 ቢሊዮን ማርክ ተመደበ። ጋዜጣው ሁሉ ስለዚህ ጻፈ። በዚያው ወር ለጦር መሣሪያ በ8 ዓመት የሚወጣ 35 ቢሊዮን ማርክ ተፈቀደ። ስለዚህ ግን ማንም አልጻፈም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የመንግሥቱ ልብ የት እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ የለም።

አውራ ጎዳናው ለፎቶ ጥሩ ነበር። በአንድ ጊዜ እዚያ ላይ ይሠራ የነበረው ሰው ግን ከ6 ሚሊዮኑ አንጻር ጥቂት ነው። ከመዝገቡ የወጣው ሌላውስ የት ሄደ? ያገቡ ሴቶች ከሥራ ገበታ እንዲወጡ ተደረገ። ለአዲስ ተጋቢዎች እስከ 1,000 ማርክ የሚደርስ ብድር ይሰጥ ነበር፤ ቅድመ ሁኔታው ሙሽሪት ሥራዋን መልቀቋ ነው። በመጋቢት 1935 የግዳጅ ውትድርና ተመለሰ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ለወጣት ወንዶች የ6 ወር የግዳጅ የጉልበት አገልግሎት ታወጀ። የቀረውን ሠራተኛ በቀጥታም በተዘዋዋሪም ቀስ በቀስ የወሰደው የጦር ፋብሪካው ነው። በ1937 ነገሩ ተገለበጠና ሠራተኛ ጠፋ። ያኔ «ሙሽሪት ሥራ ትልቀቅ» የሚለው ቅድመ ሁኔታም ቀረ።

ደመወዙስ? ግንቦት 2 ቀን 1933 የሠራተኛ ማኅበራቱ ቢሮዎች ተወረሩ፣ መሪዎቻቸው ታሰሩ። ከዚያ በኋላ የደመወዝ ተመን የሚያወጣው መንግሥት የሾመው ባለሥልጣን ሆነ። ተመኑም ድቀቱ በነበረበት ደረጃ ላይ ተቸነከረ። ቤተሰቡ ከበፊቱ የተሻለ ገቢ ካገኘ ብዙ ሰዓት ስለሠራ ነው እንጂ ለሰዓቱ የተሻለ ስለተከፈለው አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ይህኛውን ክፍል እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ብልሃቱ ረቂቅ ነው።

ጀርመን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተፈረመው የቬርሳይ ስምምነት መሠረት እንዳትታጠቅ ተከልክላለች። ስለዚህ መሣሪያ መግዣው በጀት ላይ መታየት የለበትም። ገንዘብ በግላጭ ቢታተም ደግሞ በ1923 የዳቦ መግዣ ገንዘብ በጋሪ የገፋ ሕዝብ ይደነግጣል። የማዕከላዊ ባንኩ የራይሽስባንክ ገዢ ያልማር ሻህት መላ ዘየደ። በ1933 ክሩፕ፣ ሲመንስና ራይንሜታልን የመሳሰሉ ኩባንያዎች 1 ሚሊዮን ማርክ ካፒታል አዋጥተው አንድ ድርጅት እንዲያቋቁሙ ተደረገ። ስሙ «የብረታ ብረት ምርምር ኩባንያ» ነው፣ በጀርመንኛ ሲያጥር ሜፎ። ምርምር አያደርግም፣ ፋብሪካም የለውም። ሥራው ወረቀት ላይ መፈረም ብቻ ነው።

አንድ ወረቀት ይዘን እንከተል። ክሩፕ መድፍ ሠርቶ ለሠራዊቱ አስረከበ። መንግሥት ጥሬ ገንዘብ አይከፍለውም። ክሩፕ ሂሳቡን በሜፎ ስም በሐዋላ ወረቀት ያወጣል። (የእኛ የንግድ ሕግ «የሐዋላ ወረቀት» የሚለው ዓይነት ሰነድ ነው።) ሜፎ «እከፍላለሁ» ብሎ ይፈርማል። ክሩፕ ወረቀቱን ባንክ ወስዶ በገንዘብ ይለውጣል። ባንኩ ሲፈልግ ወረቀቱን ራይሽስባንክ ሄዶ ይለውጣል። ካልፈለገ ያቆየዋል፤ 4 በመቶ ወለድ ያስገኝለታላ። የወረቀቱ ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ነው፤ ግን እየታደሰ እስከ 5 ዓመት ይሄዳል። በጀቱን የሚያገላብጥ ሰው አንድም መድፍ አያይም።

በዚህ መንገድ እስከ 1938 የጸደይ ወራት ድረስ 12 ቢሊዮን ማርክ ወጣ። በ1934 እና በ1935 ለጦር ከወጣው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ የሜፎ ወረቀት ነበር። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ለጦር የሚወጣው ከአገሪቱ ገቢ 1 በመቶ እንኳን የማይሞላ ነበር፤ በ1938 ወደ 20 በመቶ ተጠጋ። በሰላም ጊዜ እንዲህ ያለ ወጪ ያወጣ የካፒታሊስት አገር ከዚያ በፊት አልታየም።

ወረቀት ግን አገር ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው። ክሩፕ በሜፎ ወረቀት የስዊድን የብረት ማዕድን መግዛት አይችልም። መዳብ፣ ጎማ፣ ነዳጅ፣ ጥጥ፣ ስብ፣ ይህ ሁሉ በውጭ ምንዛሬ ነው የሚመጣው። ዶላር አጥቶ ኤልሲ (ዕቃ ከውጭ ለማስገባት ባንክ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ባንክ በር ላይ የተሰለፈ ነጋዴ ይህን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። በሰኔ 1934 በራይሽስባንክ ካዝና የቀረው ወርቅና ምንዛሬ ከ100 ሚሊዮን ማርክ በታች ወረደ። ለአንድ ትልቅ የኢንዱስትሪ አገር ይህ ባዶ ካዝና ማለት ነው።

«አዲሱ እቅድ» የተባለው ነገር መስከረም 1934 ላይ የወጣው በዚህ ጭንቀት ነው። ማንኛውም ዕቃ ከውጭ ሲገባ የቁጥጥር ቢሮ ፈቃድ ያስፈልገዋል ተባለ። ለመድፍ የሚሆን ቅድሚያ ያገኛል፣ ለሸሚዝ የሚሆን ይጠብቃል። ከሀንጋሪ፣ ከሩማንያ፣ ከዩጎዝላቪያ፣ ከቡልጋሪያና ከግሪክ ጋርም ያለ ዶላር በሂሳብ ማቻቻል መገበያየት ተጀመረ። ጀርመን እህልና ትምባሆ ትወስዳለች፣ ሻጩ በምትኩ ከጀርመን ዕቃ እንዲገዛ ይገደዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታይዎት። «እቅድ» የተባለው የተወጠነው የወደፊቱን አይቶ አይደለም፤ ካዝናው ስለጎደለ ነው። የቀጣዩ እቅድ ታሪክም ይኸው ነው።

በ1935 መጨረሻ ቅቤና ሥጋ ጠፋ። የበርሊን እናቶች ተሰለፉ። ምርቱ መጥፎ ነበር፣ ለዘይትና ለስብ መግዣ የሚሆነውን ምንዛሬ ደግሞ የጦር ፋብሪካው ይፈልገዋል። በ1936 መጀመሪያ ላይ ሚኒስትሮቹ በዚህች ምንዛሬ ላይ በግልጽ ይናጩ ጀመር። ምርጫው ሁለት ነበር። አንዱ ትጥቁን ቀዝቀዝ አድርጎ ወደ ውጭ ንግድ መመለስ ነው። ሻህት ራሱ ወደዚህ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። ሌላው ከውጭ የሚገዛውን በአገር ውስጥ በማንኛውም ዋጋ ማምረት ነው።

እዚህ ቦታ ላይ የእኛም አገር ትገባለች። ጣልያን በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር በኅዳር ወር የንግድ ማዕቀብ ጣለባት። ከማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ ግን ነዳጅ ተዘለለ። የሙሶሊኒ መኪናና አውሮፕላን ነዳጅ እየተቀዳለት ቀጠለ፣ የእኛ ሰው በመርዝ ጋዝ አለቀ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሂትለር በዚያ ክረምት ጣልያን አፍሪካ ውስጥ ተጠምዳ እንድትቆይለት ብሎ ለኢትዮጵያ በስውር መሣሪያ እንዲላክ ፈቅዷል፤ ለእኛ አዝኖ አይደለም፣ ዓይኑ ኦስትሪያ ላይ ስለነበረ ነው። በርሊን ከዚህ ማዕቀብ የወሰደችው ትምህርትም ግልጽ ነበር። ነዳጁና ጥሬ ዕቃው በሌላ ሰው እጅ ያለ አገር አንገቱ የተያዘ ነው።

ማዕቀቡ በተነሳ በወሩ፣ ነሐሴ 1936 ላይ፣ ሂትለር በተራራ ላይ መኖሪያው ተቀምጦ አንድ ማስታወሻ ጻፈ። ያዩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። መደምደሚያው ሁለት መስመር ነው። ሠራዊቱ በ4 ዓመት ውስጥ ለውጊያ ብቁ መሆን አለበት። ኢኮኖሚው በ4 ዓመት ውስጥ ለጦርነት ብቁ መሆን አለበት። የአራት ዓመት እቅድ የሚባለው ይህ ነው። በጥቅምት ለኸርማን ጎሪንግ ተሰጠ። ጎሪንግ የአየር ኃይል አዛዥ ነው፤ ኢኮኖሚ አያውቅም። ለሥራው የተመረጠውም ስላወቀ ሳይሆን «አይቻልም» የሚለውን ስለማይሰማ ነው።

ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ ከስታሊን የአምስት ዓመት እቅድ ጋር ያመሳስለዋል። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ፋብሪካው የመንግሥት ነው፣ ምን ያህል እንደሚያመርትም ከማዕከል ይታዘዛል። ጀርመን ውስጥ ባለቤቱ ባለቤት ሆኖ ቀረ፣ ትርፉንም ያገኛል። መንግሥት የያዘው በሩን ነው፤ ምንዛሬ፣ ብረት፣ ዋጋ፣ ደመወዝ፣ ሠራተኛ። በኅዳር 1936 የዕቃ ዋጋ በአዋጅ ቆመ። ዋጋ የማይናገርበት ኢኮኖሚ ውስጥ ደግሞ ዕቃ ወደየት ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ቢሮ ነው።

እቅዱ ምን ሠራ? ሎይና ከተማ ያለው የኢ.ጌ. ፋርበን የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ፋብሪካ ከከሰል ቤንዚን ያወጣ ነበር። ኬሚስትሪው ድንቅ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን ለአንድ ቶን ቤንዚን በርካታ ቶን ከሰል ይበላል፣ ዋጋውም ከውጭ ከሚገባው በእጥፍ ድርብ ይበልጣል። መንግሥት ገና በታኅሣሥ 1933 በተፈረመ ውል ወጪውንና ትርፉን ዋስትና ሰጥቶት ነበር። ሽኮፓው ላይ ሰው ሠራሽ ጎማ ተጀመረ። ሂትለር በማስታወሻው «ነዳጅ በ18 ወር ራሳችንን እንቻል» ብሎ ነበር፤ ጦርነቱ ሲጀመርም አልተቻለም።

ዛልስጊተር የተባለው የብረት ማዕድን ስፍራ ይበልጥ ያስገርማል። እዚያ ያለው ድንጋይ የብረት ይዘቱ 30 በመቶ ገደማ ነው፣ አሸዋማ ነው። የስዊድኑ 60 በመቶ ይደርሳል። የሩር አካባቢ የብረት ባለሀብቶች «አያዋጣም» ብለው እምቢ አሉ። ጎሪንግ በሐምሌ 1937 በራሱ ስም ትልቅ የመንግሥት ድርጅት አቋቁሞ ማዕድኑን ወሰደው። ምድጃ፣ ባቡር ሐዲድ፣ ለሠራተኛ አዲስ ከተማ ተሠራ። ይህን ሁሉ ለመሥራት ደግሞ ብረት ያስፈልጋል። ብረት ለማግኘት ብረት ጠፋ። ከ1937 መጀመሪያ ጀምሮ ብረት በኮታ ሆነ፤ የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉ፣ የአየር ኃይሉና የራሱ የአራት ዓመት እቅድ በአንድ ሞሰብ ላይ ተሻሙ። ኅዳር 5 ቀን 1937 ሂትለር የጦር አዛዦቹን ሰብስቦ የወረራ ሐሳቡን የዘረዘረበት ዝነኛ ስብሰባ አለ። መነሻው የባሕር ኃይሉ «ብረት አነሰኝ» የሚል አቤቱታ ነበር።

ለጥያቄዎ ቁልፉ ግን ይህ ነው ብዬ የማስበው ሌላ ሰነድ ነው። በ1936 ጄኔራል ፍሪድሪኽ ፍሮም የተባለ የምድር ጦሩ የአስተዳደር ኃላፊ የሠራዊቱን ማስፋፊያ እስከ 1940 ድረስ አሰላው። ከዚያ ለአለቆቹ አንድ ጥያቄ አቀረበ። ግንባታው ሲያልቅ ይህን ሁሉ ፋብሪካ ምን እናደርገዋለን? ትዕዛዙን ብናቆም ሠራተኛው ይበተናል። ትዕዛዙን ብንቀጥል አገሪቱ አትችለውም። ስለዚህ ሠራዊቱ እንደተጠናቀቀ ወዲያው ሥራ ላይ መዋል አለበት፣ አለበለዚያ ከወዲሁ እንቀንስ አለ። መልስ የሰጠው የለም። ልብ ይበሉ፣ ይህን ያለው ተቃዋሚ አይደለም። ሂሳቡን የያዘው ሰው ራሱ ነው። መቼ እንደሚዋጋ ያልወሰነ መንግሥት እንዲህ ዓይነት እቅድ ሊያወጣ አይችልም።

ለሻህት ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚገባው ሰዎች ይጠይቁኛል። ከባንኩ ሌላ የኢኮኖሚ ሚኒስትርም ነበር፤ በኅዳር 1937 ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። በጥር 1939 የራይሽስባንክ ዳይሬክተሮች በሙሉ ፈርመው «ወጪው ካልቆመ የዋጋ ግሽበት ይመጣል» የሚል ደብዳቤ ለሂትለር ላኩ። ሂትለርም ሻህትን አባረረው፣ ከሰኔ ጀምሮ ባንኩ ምን ያህል እንደሚያበድር የሚወስነው እሱ ራሱ ሆነ። ሻህት በ1946 በኑረምበርጉ የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት ነጻ ተባለ። እኔ ግን ደጋግሜ የማስበው፣ ያለ ሻህት ወረቀት በ1936 የሚያስፈራ ሠራዊት አይኖርም ነበር። እሳቱን ያነደደ ሰው ጎረቤቱ ቤት ሲደርስ ውሃ ልፈልግ ቢል አይጸድቅም።

ታዲያ ጉድጓዱ በምን ተደፈነ? በዘረፋ ነው። በመጋቢት 1938 ኦስትሪያ ስትጠቀለል በቪየና ባንክ የተገኘው ወርቅና ምንዛሬ በርሊን ከቀራት በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የኦስትሪያ የብረት ማዕድንና ሥራ ፈት ሠራተኛም አብሮ ገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር ምኩራቦቹ ከተቃጠሉና ሱቆቹ ከተሰባበሩ በኋላ የተዘረፉት አይሁዶች ራሳቸው 1 ቢሊዮን ማርክ «ቅጣት» እንዲከፍሉ ታዘዙ። ያኔ የመንግሥቱ ካዝና ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። «ጭካኔውን ትተን» ሲሉ እንግዲህ ይህን ገንዘብ ከገቢው ዝርዝር ማውጣትዎ ነው። በመጋቢት 1939 ደግሞ ፕራግ ተያዘች፤ የቼኮች ወርቅ፣ መሣሪያ፣ ጦር መሣሪያ የሚሠራው የሽኮዳ ፋብሪካ።

ይህም አልበቃም። በ1939 መጀመሪያ ለሠራዊቱ የሚሰጠው ብረት ተቀነሰ። ትጥቁ ሊጨምር ሳይሆን ሊያሽቆለቁል ነበር፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ደግሞ እየታጠቁ ነው። «ባይዋጋ ኖሮስ?» ላሉት መልሱ እዚህ አለ። ፍሬን መያዝ፣ ዕዳውን መቁጠር፣ ሠራተኛውን ወደ ሲቪል ምርት መመለስ፣ ለሕዝቡም «ያወጣነው ገንዘብ በእጃችን ያልነበረ ነው» ማለት ነበረበት። ያንን የሚያደርግ መንግሥት ሌላ መንግሥት ነው። ሂትለር የመረጠው በነሐሴ ከስታሊን ጋር ተፈራርሞ እህልና ነዳጅ ከምሥራቅ ማስገባትንና ፖላንድን መውረርን ነው።

ተራው ጀርመናዊ ከዚህ ምን አገኘ? የመኪናውን ነገር ልንገርዎና ላብቃ። በ1938 መንግሥት ለሠራተኛው ርካሽ መኪና አቀርባለሁ አለ፣ ዋጋው 990 ማርክ። በየሳምንቱ 5 ማርክ እየከፈሉ ቴምብር ይገዛሉ፣ ካርድ ላይ ይለጥፋሉ። ካርዱ ሲሞላ መኪና ይረከባሉ። ሳያቋርጡ ቢከፍሉ 198 ሳምንት ይፈጃል። ወለድ የለውም። መክፈል ያቋረጠ ሰው የከፈለው ይቀርበታል። 336,000 ያህል ሰው ተመዘገበ። ካርዱ ሲታይ የልጅ የቴምብር አልበም ይመስላል፤ ረድፍ በረድፍ የተለጠፈ የሳምንት ላብ ነው።

ፋብሪካው ተሠራ። ጦርነቱ ሲመጣ ለሠራዊቱ ቀላል ተሽከርካሪ ማምረት ጀመረ። ከቆጣቢዎቹ አንድም ሰው መኪና አልተረከበም። ባንክ ያስቀመጡትም ቢሆኑ ደህና ነኝ ብለው ነበር፤ ባንኮቹ ግን ተቀማጩን ሳይናገሩ የመንግሥት ቦንድ ገዝተውበት ነበር። ባለ ካርዶቹ ከጦርነቱ በኋላ ፎልክስዋገንን ከስሰው ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። በ1961 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ካርዱን ሞልቶ ለያዘ ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ 600 ማርክ ቅናሽ፣ መኪና ለማይፈልግ ደግሞ 100 ማርክ በእጁ።